ስም ያልወጣላት መኪና

ባለቤቱ ሳይመለስ የቀረ ዕቃ ስንት ዓመት ሲቆይ ነው የጠበቀው ሰው ንብረት የሚሆነው? ወደ ደባርቅ ከተመለስኩ ወዲህ ይህ ጥያቄ ከራሴ አልወጣም። ሕግ የተማሩ ሁለት ጓደኞቼን ጠይቄ ሁለት የተለያየ መልስ ሰጥተውኛል። አክስቴ ማንጠግቦሽ ደግሞ ጥያቄውን ራሱን አትወደውም። «የሰው የሰው ነው፤ ምኑ ይጠየቃል?» ብላ ፊቷን ታዞርብኛለች። እኔ መልሱን እስካሁን አላውቅም። የማውቀው ዕቃውን ነው። መዳፍ ላይ የምታርፍ፣ ከብረት የተሠራች፣ አረንጓዴ መኪና ናት። ልጅ ሳለሁ አክስቴ እኔን ሰጥታ የተቀበለቻት መኪና ትመስለኝ ነበር።

እናቴ እኔን ወልዳ ብዙ ሳትቆይ ስለሞተች ያሳደገችኝ ታላቅ እኅቷ ማንጠግቦሽ ናት። መናኸሪያው ፊት ለፊት አልጋና ምግብ የሚገኝበት ቤት ነበራት። ሌሎች ቤቶች ከባንኮኒው ኋላ ጠርሙስ ይደረድራሉ። የእኛ ቤት መደርደሪያ ላይ የሚደረደረው መኪና ነበር። መኪኖቹ የልጅ መጫወቻ አይደሉም፤ በትክክል ተለክተው ከትልቁ የተቀነሱ፣ በእጅ ሲይዟቸው የሚከብዱ፣ በራቸው የሚከፈት፣ መሪያቸው የሚዞር ናቸው። ሁሉም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በነበሩት አውቶሞቢሎች አምሳል የተሠሩ ነበሩ። መብራታቸው እንደ ድስት ክዳን ሰፊ፣ ከጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጓቸው ያበጠ፣ ትርፍ ጎማቸውን በጎናቸው ያዘሉ። የከባድ መኪና ሾፌሮች ከጅቡቲና ከአዲስ አበባ ያመጡላታል። ከስሜን ተራራ የሚወርዱ ቱሪስቶችም አገራቸው ከገቡ በኋላ በአስጎብኚዎቹ በኩል የሚልኩላት ነበሩ።

ማንኛዋንም መኪና ግን አትቀበልም። መጀመሪያ ገልብጣ የምታየው መረገጫዋን ነው፤ ከበሩ ሥር ሰው ቆሞ የሚሄድበትን፣ የድሮ መኪኖች የነበራቸውን ረጅም ሳንቃ። አባቷ፣ ማለትም አያቴ፣ የሊማሊሞ መንገድ ሲቆረጥ ድንጋይ ከፈለጡት አንዱ ናቸው። መንገዱ ሲያልቅ ከቆላ የመጣች አንዲት መኪና ዳገቱን ስትወጣ አያቴ መረገጫዋ ላይ ቆመው፣ በአንድ እጃቸው የበሩን ጫፍ ይዘው፣ ደባርቅ ድረስ ገቡባት። ይህን ታሪክ አክስቴ ራሷ ያየችው እስኪመስል ድረስ ታወራው ነበር። እና መረገጫ የሌላት መኪና በእሷ ዘንድ መኪና አልነበረችም። አንድ ሾፌር አዲስ ዓይነት ሞዴል ቢያመጣላት አገላብጣ አይታ፣

«ይቺማ አልጋ ናት፤ ሰው ተኝቶባት ነው የሚሄድ» ብላ መለሰችለት።

ለተቀበለቻቸው ስም ታወጣላቸዋለች፤ ስሙም የፈረስ መልክ ነው። ጥቁሯ ጉራች፣ ቀይ ቡናማዋ ዳማ፣ ነጯ አምባላይ፣ አፍንጫዋ ላይ ነጭ ያለባት ቦራ። ሁለት አንድ ዓይነት መልክ አትይዝም። በገበያ ቀን ከጃናሞራ የሚመጡ ገበሬዎች ሻይ ሲጠጡ ቀና ብለው ይመለከቱና፣

«ይቺ ጉራች ስንት ዓመቷ ትሆናለች?» ይሏታል።

«ጥርሷን እይና ንገረኝ» ብላ መኪናዋን አውርዳ የፊቷን ፍርግርግ ታሳያቸዋለች። እነሱም ከምር ይመለከታሉ።

ይህ ሁሉ እኔን አኩርቶኝ ነበር። ትምህርት ቤት አክስቴ ካዲስ አበባ ከሚመጣው አውቶቡስ ባለቤት የበለጠ መኪና እንዳላት ተናግሬ ልጆች ሲስቁብኝ አስተማሪያችን ጋሽ ልደቱ፣ «እውነቷን ነው፤ ሰውዬው ያለው አንድ ነው፤ እሱም ዛሬ ዳባት ላይ ተበላሽቶ ቆሟል» ብሎ አዳነኝ።

ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነኝ፣ መስከረም ላይ፣ ሁለት እንግዶች በአንድ ሳምንት ቤታችን ገቡ።

የመጀመሪያው የአክስቴ ታናሽ ወንድም ብርሃኔ ነው። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሃንጋሪ ሄዶ በዚያው ቀርቷል። ረጅም ካፖርት ለብሶ መጣ፤ አማርኛው ትንሽ ዝግ ይል ነበር። ጉንጬን ይዞ ለረጅም ጊዜ አየኝና፣ «እናቷን ነው የምትመስል» ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። ከዚያ በኋላ እሱና አክስቴ ከጓዳ ሲነጋገሩ ብዙ ጊዜ ሰማሁ። እኔ ስገባ ዝም ይሉ ነበርና ከመጋረጃው ኋላ መቆም ለመድኩ።

«እትዬ፣ እኔ ልውሰዳትና ላስተምራት ነው ያልኩሽ፤ ልብላት አላልኩሽም።»

«አልገባህም ብርሃኔ። ልጅቷ የእኔ አይደለችም እኮ።»

«እና የማን ናት?»

አክስቴ ሰሃን ስትደራርብ ይሰማኛል።

«በምን አፌ ልስጥህ?» አለች በመጨረሻ። «ቆይ፤ አስቀድሜ የምጠይቀው ሰው አለ።»

እኔ ከዚያ ሁሉ ይዤ የወጣሁት አንዱን ብቻ ነበር። ልጅቷ የእኔ አይደለችም። መጋረጃው የሽንኩርት ሽታ ነበረው። እስከዛሬ ያ ሽታ ሲመጣብኝ ያ ቃል አብሮ ይመጣል።

ሁለተኛው እንግዳ የመጣው ከተራራው ነው። አስጎብኚው ገዱ፣ ያኔ ገና ጢም ያላበቀለ ጎረምሳ፣ ከሰዓት በኋላ እየሮጠ ገባ።

«እትዬ ማንጠግቦሽ! አንድ ፈረንጅ ይዤልሽ መጥቻለሁ። ወይ አብዷል፣ ወይ ያንቺ ዘመድ ነው።»

«ምን አደረገ?»

«ቡይት ራስ ላይ ገደሉ አፋፍ በሆዱ ተኛ። ጠመንጃ ይዞ የሚጠብቀን ሰው በሽታ የጣለው መስሎት ውኃ ሊያፈስበት ነበር። ጠጋ ብለን ብናይ ድንጋይ ላይ ትንሽ መኪና አቁሞ ፎቶ ያነሳል!»

ከኋላው አንድ ሽበታም፣ ጉልበቱ ጭቃ የሆነ ረጅም ሰው በሩን ጎንበስ ብሎ ገባ።

«ስሙ ማን ነው?» አለች አክስቴ።

«ሚሎሽ።»

«ማን?»

«ሚሎሽ ነው የሚባል። ቼክ ከሚባል አገር ነው።»

ጥግ ላይ የተቀመጠው አያ የሺዋስ ሳቁን ለቀቀው። አያ የሺዋስ የዳባት ሰው ነው፤ በቅሎና በግ እየለወጠ ከገበያ ገበያ የሚዞር ነጋዴ።

«ይኼማ የሴት ስም ነው! ማንጠግቦሽ፣ ሚሎሽ! ከየት አገር የመጣች እኅትሽን አገኘሽ በይ!»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ፈረንጁም ምን እንደተባለ ሳያውቅ አብሮ ሳቀ። ከዚያ ቀና ሲል መደርደሪያውን አየ። ኮፍያውን አወለቀ። ሌላው ሰው ሁሉ የሚያደርገውን፣ እጁን ሰዶ ማንሳትን፣ አላደረገም። ሁለት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ከዳር እስከ ዳር በዝግታ ተመለከታቸው። አክስቴ ለማንም አድርጋ የማታውቀውን አደረገች። ጉራችን ራሷ አውርዳ እጁ ላይ አኖረችለት። እሱም በቀስታ ገልብጦ ከሥር ጀመረ።

«ከብት ያውቃል» አለች ለአያ የሺዋስ። «ከሆዷ ነው የጀመረው።»

ቀጥሎ ሰውዬው ከደረት ኪሱ በመሃረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። እንደሷ ያለ መኪና አይቼ አላውቅም። አረንጓዴ ነች። ፊቷ ላይ ሦስት መብራት አላት። ወደ ኋላ እየቀጠነች ትሄድና ጀርባዋ ላይ እንደ ቢላዋ ስለት የቆመ ክንፍ አለ። ገዱ እየተነተነ ተረጎመልን። ስሟ ታትራ ነው፣ ከጦርነቱ በፊት የተሠራች ናት፣ የሰውዬው አባት ትልቋን ይሠሩ ከነበሩት ሠራተኞች አንዱ ነበሩ።

«አባቱ ሠርተዋታል?» አለች አክስቴ።

«አዎ ይላል።»

«የኔ አባት ደግሞ የምትሄድበትን ሠርቷል በለው።»

ገዱ ሲነግረው ሰውዬው እጁን ዘርግቶ አክስቴን ጨበጣት። ከዚያ ወደ ውጭ ጠራኝና መኪናዋን መንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ አቆመ፤ እኔንም አስተኛኝና ካሜራውን ዓይኔ ላይ አደረገልኝ። ጠጠሩ አለት ሆነ። አቧራው ሰፊ መንገድ ሆነ። መኪናዋ እውነተኛ መኪና ሆና፣ ከኋላዋ የስሜን ሰማያዊ ተራራ ቆሞ፣ ልትመጣብኝ ነው። ደንግጬ ዓይኔን አነሳሁ፤ ትንሽ ናት። መልሼ አየሁ፤ ትልቅ ናት። ሰው ሊገባባት፣ ሰው ሊሄድባት የምትችል መሆኗን ያን ጊዜ አመንኩ። እውነተኛ መጠኗን የደበቀችው ሰዉን ለማታለል እንደሆነም አመንኩ።

በማግስቱ ጠዋት ብርሃኔ ሹራብ ሊገዛልኝ ጎረቤታችን ረህማ ሱቅ ወሰደኝ። ስመለስ ፈረንጁ ሄዷል። አረንጓዴዋ መኪና ግን መደርደሪያው ላይ፣ ከሁሉም በላይ፣ ለብቻዋ ቆማለች። የአክስቴ ዓይን ቀልቷል። «ከአጎትሽ ጋር ትሄጃለሽ» አለችኝ። «ተማሪ። ሰው ሁኚ።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አያ የሺዋስ ገና ከበሩ ነበር የጀመረው።

«ኧረ ማንጠግቦሽ! ልጅ ሰጥተሽ መኪና ተቀበልሽ የሚሉት እውነት ነው? ምራቂ እንኳ ሳትጠይቂ?»

«ምራቂውማ አንተ ነህ» አለችው። «ብጨምርህ ግን አይወስዱህም።»

ሰው ሳቀ። እሷም ሳቀች። እኔ የታጠበ ብርጭቆ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አያ የሺዋስን የማውቀው ዕድሜ ልኩን በቅሎ በአህያ፣ በግ በገብስ ሲለውጥ ነው። ስለ ሌላ ነገር ይቀልድ ይሆናል፤ ስለ ልዋጭ ግን የእሱን ያህል የሚያውቅ ማንም አልነበረም። እሱ ተለወጠች ካለ ተለውጫለሁ ማለት ነው። ፈረንጅ መኪናውን ትቶ ሄደ፤ እኔ ፈረንጅ አገር ልሄድ ነው። አጎቴና ያ ሰው የማይተዋወቁ፣ አንዱ የሌላውን አገር ቋንቋ የማያውቁ መሆናቸውን ለመረዳት ገና ዓመታት ይቀሩኝ ነበር። ለእኔ ያኔ ፈረንጅ አገር አንድ አገር ነበር።

ማስረጃም አላጣሁም። አረንጓዴዋ መረገጫ የላትም፤ አክስቴ ግን ሕጓን ሽራ ተቀብላታለች። ሌሎቹን መኪኖች ልጆች ሁሉ እያነሱ ያዩአቸዋል፤ እሷን ማንም አይነካም። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ስሟ ነው።

«ይቺስ ማን ትባላለች?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ስም የላትም።»

«አውጪላት።»

«አላወጣም።»

ስም ሊበቃት የማይችል ነገር መሰለችኝ። ስም ያላቸው ዳማና ጉራች ተራ ናቸው፤ ይቺ ግን ከስም በላይ የምትወደድ ናት። እኔም ስም አለኝ፤ እየሩስ እባላለሁ።

የሄድን ዕለት ጠዋት አንድ ነገር እንድመርጥ ነገረችኝ። «ለመታሰቢያ አንዷን ውሰጂ» አለች። ጣቴን ወደ አረንጓዴዋ ቀሰርኩ።

«እሷን ተያት።»

«እሷን ነው የምፈልግ።»

«ጉራችን ውሰጂ። ዳማንም፣ ቦራንም ጨምሪ። ሁሉንም ውሰጂ ከፈለግሽ። እሷን ግን አትንኪብኝ።»

ምንም ሳልይዝ ወጣሁ። መናኸሪያው ውስጥ አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቀጥ ብላ ቆማ፣ የአውቶቡሱን ረዳት በታላቅ ድምፅ ታዘው ነበር። «ይቺ ልጅ ውጭ አገር ነው የምትሄድ! ለትምህርት! ጥሩ ወንበር ስጣት፤ ጎማ ላይ እንዳታስቀምጣት!» መናኸሪያው በሙሉ ዞሮ አየኝ። አላለቀሰችም። አውቶቡሱ ሲነሳ እጇን ከፍ አድርጋ፣ አገጯን ቀና አድርጋ ቆመች። ሥራው የተሳካለት ነጋዴ እንዲህ ነው የሚቆመው ብዬ አሰብኩ።

ቡዳፔስት ውስጥ አደግሁ። ለድልድይ ምህንድስና ተመዝግቤ ተውኩት፤ ወደ ሌላ ትምህርት ገብቼ እሱን ጨረስኩ። የጨረስኩት ትምህርት ለምን እንደሚጠቅም ግን እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። ከተማ ቀየርኩ፤ ሥራ ቀየርኩ። አክስቴ ስልክ ስትደውል፣ «በላሽ? ትምህርቱስ?» ትላለች። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ፣ «መኪናዋ አለች?» እላታለሁ። ያ ጥያቄ በእኔ በኩል እሾህ ነበረው።

«አለች!» ትለኛለች፣ ድምፅዋ ደምቆ። «ፍንክች አላለችም። እንዳለች ናት።»

አንድም ቀን እሾኹ አልወጋትም። ዛሬ ሳስበው የምትኮራበትን ነገር አስታውሳ የምትጠይቃት ልጅ በማሳደጓ ደስ ይላት ነበር።

ባለፈው በጋ ለሦስት ሳምንት ብዬ መጣሁ። ቤቱ ያው ነው። አክስቴ ጎንበስ ብላለች እንጂ ምላሷ አላረጀም። መደርደሪያው ግን ባዶ ነበር። ጉራች የለችም፤ ዳማ የለችም። ከላይ፣ ለብቻዋ፣ አረንጓዴዋ ቆማለች። ሌሎቹ አልቀው እሷ ብቻ መትረፏ በሠላሳዎቹ ዕድሜዬም እንደ ልጅ አናደደኝ። ተነስቼ ወደ ረህማ ሱቅ ሄድኩ።

ረህማ ጨርቅ እየለካች ተቀበለችኝ።

«ሌሎቹ የት ሄዱ?» አልኳት።

«አልነገረችሽም? አይ እትዬ! ለሰው ሁሉ ስታወራው ለአንቺ ደበቀች?» ሜትሩን አስቀመጠች። «ያ ጦርነት የመጣ ጊዜ፣ ከተማው ሲጨነቅ፣ ባሌ ባሽር አይሱዙ አግኝቶ እኛን ወደ ጎንደር ሲያወጣ እሷን በግድ ነው የጫንናት። አንድ ፌስታል ልብስ ይዛለች። መኪናዋን ደግሞ በመሃረብ ጠቅልላ መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣታለች። ‹እትዬ፣ ጉራችስ? አምባላይስ? በጨርቅ ልጠቅልልሽ?› አልኳት። ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹እነሱ የኔ ናቸው፤ ቢጠፉ የሚጠይቀኝ የለም› አለችኝ።»

«ይቺስ?»

«ይቺማ የሰው ናት! እንግዳው ‹እዚህ ትቆይልኝ፣ እመለሳለሁ› ብሎ አይደል የሄደው? ባሽር ሲያሾፍባት፣ ‹እትዬ፣ ፈረንጅ ሁሉ እመለሳለሁ ይላል› ይላታል። ‹ፈረንጅ ሁሉ ዕቃ ትቶ አይሄድም› ትለዋለች።»

ከረህማ የቀረውንም ሰማሁ። ከጎንደር ሲመለሱ የአክስቴ ቤት ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ በኩል በተፈናቀሉ ሰዎች ተሞልቷል። ልጆቹ መኪኖቹን አውርደው ግቢው ውስጥ መንገድ ሠርተውላቸዋል። የአምባላይ በር ተገንጥሏል፤ የቦራ ጎማ የለም። ረህማ አሁን ትጮሃለች ብላ ስትጠብቅ አክስቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ልጆቹን አንድ በአንድ ጠርታ የያዙትን መኪና ስም አስጠናቻቸው። ወደ ቀያቸው ሲመለሱ እያንዳንዱ የያዛትን ይዞ ሄደ። ገበያ ላይ ሰው ሲጠይቃት፣ «ከብቶቼ ቆላ ወርደዋል» ትላለች አሉ፤ ደረቷን ነፍታ።

ከሱቁ ወጥቼ ወደ ቤት ስገባ አክስቴ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ ለምንድን ነው ስም ያላወጣሽላት?»

«ለማን?»

«ለአረንጓዴዋ።»

«የሰው ፈረስ ተቀብለሽ ስም ታወጫለሽ እንዴ?» አለች፣ ቀና ሳትል። «ባለቤቱ ያወጣላታል። እኔ ማደሪያ ነው የሰጠኋት።»

ልናገረው አልናገረው አመነታሁ። ከዚያ ከአፌ አመለጠኝ።

«እኔ እኮ እኔን በእሷ የለወጥሽኝ ይመስለኝ ነበር።»

እጇ ምስሩ ውስጥ ቆመ። ዞራ ፊቴን አየችው፤ እየቀለድኩ እንደሆነ ለማወቅ። አለመቀለዴን ስታይ ዓይኗ ፈጠጠ።

«በዚች?» አለች። «መረገጫ እንኳ በሌላት?»

ከዚያ ሳቀች፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ፣ ምስሩ ከሰፌዱ እስኪፈስ። እኔም ሳላስበው አብሬያት ሳቅኩ። ሳቁ ሲበርድ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ ድምፅዋም ተለወጠ።

«ልለውጥሽ ብልስ፣ አንቺ የኔ ነበርሽ? እናትሽ ናት እዚያች አልጋ ላይ ሆና እጄን ይዛ ‹አደራ› ያለችኝ። ብርሃኔ ልውሰዳት ሲለኝ የሰው አደራ በምን አፌ ልስጥ? ስንት ቀን ተጨነቅሁ። ያ እንግዳ የሄደ ጠዋት ተነስቼ ቤተ ክርስቲያን፣ መቃብሯ ዘንድ ሄድኩ። ነገርኳት። ‹ልጅሽን ወንድማችን ሊያስተምራት ነው፤ ዝም ካልሽ ፈቅደሻል› አልኳት። ዝም አለች። ስመለስ ሰውዬው ከገዱ ጋር በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝና መኪናውን እጄ ላይ አስቀመጠ። አንዱን አደራ አወረድኩ ስል ሌላው መጣብኝ።»

ሰፌዱን አስተካክላ መልቀሟን ቀጠለች።

«በሁለቱም አልታማም» አለች። «አንዷ ተምራ ተመልሳ ይኸው ከፊቴ ተቀምጣ ትመረምረኛለች። የቀረችኝ ይቺ ናት። እኔ ደግሞ አርጅቻለሁ። ይልቅ የተማርሽው ለአንድ ነገር ይጥቀም፤ ሰውዬውን ፈልጊልኝ።»

ስለ ትምህርቴ ጥቅም እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስፈልግ ሰነበትኩ። የድሮ መኪና ሞዴል የሚሰበስቡ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ብዙ ማኅበር አላቸው፤ ስለ አንድ ጎማ ቀለም ሳምንት ሙሉ የሚከራከሩ ናቸው። አንዱ ውስጥ ሚሎሽ የሚባሉ ብዙ ሰዎች ገጠሙኝ። ከዚያ አንድ ቀን ፎቶውን አየሁት። ቡይት ራስ ነው። አረንጓዴዋ ታትራ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆማ፣ ከፊቷ ያ ሁሉ ሸለቆ ተከፍቶ፣ በአየር ላይ ልትነዳ የተዘጋጀች ትመስላለች። ለገዱ ስልኬን ሳሳየው ሳያቅማማ፣ «እሱ ነው! በሆዱ የተኛ ጊዜ ነው!» አለ። ሰውዬው ገጹ ላይ የመጨረሻ ነገር የጻፈው ግን ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ይህን ለአክስቴ ስነግራት፣

«ሞቶም ከሆነ ልጅ ይኖረዋል» አለች። «ጻፊ።»

ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላ ቀይራ፣ መኪናዋን ደረቷ ላይ ይዛ ፎቶ አነሳኋት። ከዚያ መልእክቱን እሷ ተናገረች፤ እኔ ጻፍኩ። ጦርነቱን እንዝለለው ብላት አልተስማማችም። «የደረሰባትን ይወቅ እንጂ» አለች። ምንም ሳልቀንስ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት።

«ለወንድሜ ለሚሎሽ፤ ከደባርቅ። ጤናህ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። መኪናህ ደህና ናት። ቀለሟ አልተላጠም፤ ጎማዋ ይዞራል፤ መብራቶቿ ሦስቱም አሉ። አገራችን ጦርነት ነበር፤ እኔ ወደ ጎንደር ስሸሽ ይዣት ሸሽቻለሁ፤ ስመለስም ይዣት ተመልሻለሁ። አንተ መምጣት ካቃተህ የምታምነውን ሰው ላክ። ቤቱ ያው መናኸሪያው ፊት ለፊት ነው። ማንጠግቦሽ ብሎ የጠየቀ ሰው አይጠፋበትም።»

ከመላኬ በፊት ሳልነግራት ከሥሩ አንድ ነገር ጨመርኩ።

«እሷ ባትኖር የምጠብቃት እኔ ነኝ። ስሜ እየሩስ ነው፤ በካሜራህ ያሳየኸኝ ልጅ ነኝ። እዚሁ ነኝ።»

እዚሁ ነኝ ብዬ ስጽፍ የመመለሻ ትኬቴ ቀን አልፎ እንደነበር ልብ ያልኩት ከላኩት በኋላ ነው። መልእክቱ የተላከው ክረምቱ ሳይገባ ነበር። አሁን ገብስ እየታጨደ ነው። አክስቴ ጠዋት ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ፣ «መለሰ?» ትለኛለች።

አልመለሰም።